ከ300 ዓመት በፊት የሞተ ንጉሥ ህንድን ለምን ያጣላል? የአንዲት የሳንስክሪት ተመራማሪ ሥራና የመጣባቸው ጣጣ

በማርች 2025 በማዕከላዊ ህንድ በምትገኘው ናግፑር ከተማ ሰዓት እላፊ ታወጀ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የሂንዱ ብሔርተኛ ድርጅቶች ህንድን ይገዛ የነበረው የሙስሊሙ የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሥ የአውራንግዜብ መቃብር ይነሳልን ብለው ሰልፍ ወጥተው ነበር። በሰልፉ ላይ ቅዱስ ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ ተቃጠለ የሚል ወሬ ተናፈሰ። ሲመሽ ድንጋይ መወራወርና መኪና ማቃጠል ተጀመረ። ብዙ ሰው ቆሰለ፤ አንድ ሰው በደረሰበት ጉዳት ሞተ። አውራንግዜብ የሞተው በ1707 ነው። መቃብሩም ናግፑር ውስጥ አይደለም። በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቃ ኩልዳባድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው።

ነገሩን ያጋጋለው አንድ የቦሊውድ ፊልም ነበር። ከወር በፊት የምዕራብ ህንዱን የማራታ ሕዝብ ንጉሥ የሳምባጂን ሕይወትና አሟሟት የሚያሳይ ትልቅ ፊልም ወጣ። ሳምባጂን በ1689 አሰቃይቶ የገደለው አውራንግዜብ ነው። ተመልካቹ ከሲኒማ ቤት ደሙ ፈልቶ ወጣ። ፖለቲከኞችም የፈላውን ደም አላበረዱትም።

ጠቡ ትምህርት ቤትም ገብቷል። የህንድ መንግሥት የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅ ተቋም ከ12ኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፍ ስለ ሙጋል ቤተ መንግሥትና ዜና መዋዕሎቹ የሚያስተምረውን ምዕራፍ አወጣ። አዲሱ መጽሐፍ በ2023 ሲታይ አገር ጉድ አለ። ከኮሮና በኋላ የተማሪውን ጫና ለማቅለል ነው የሚል መልስ ተሰጠ። በ2025 ደግሞ ከ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ሙጋሎች ጠፉ። በ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ተመልሰው መጡ፣ ግን መልካቸው ተቀይሮ ነው። የመጀመሪያው የሙጋል ንጉሥ ባቡር ርኅራኄ የሌለው ወራሪ ሆኖ ቀረበ። የልጅ ልጁ የአክባር ዘመን ጭካኔና መቻቻል የተቀላቀለበት ተባለ። አውራንግዜብም ቤተ መቅደስ አፍራሽ ሆነ። መጽሐፉ ላለፈው ጥፋት ዛሬ ያለ ሰው ተጠያቂ አይሆንም የሚል ማሳሰቢያ ጨምሮበታል። ማሳሰቢያው መጨመሩ ራሱ ብዙ ይናገራል።

የታሪክ ክርክር ምን ያህል ቤት እንደሚያምስ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። የህንዱን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ህንድን የምናውቃት በፊልሟ ነው፤ ታላላቆቻችን ደግሞ ሒሳብና ፊዚክስ ባስተማሯቸው ህንዳውያን መምህራን። ስለዚህ ጉዳዩን በአንዲት ተመራማሪ ሥራ በኩል እንየው።

ፕሮፌሰር ኦድሪ ትሩሽኪ አሜሪካዊት ናቸው። በኒው ጀርሲ፣ በሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ የኒውርክ ካምፓስ የደቡብ እስያ ታሪክ ያስተምራሉ። ዶክትሬታቸውን የያዙት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ታዋቂው የሳንስክሪት ሊቅ ሼልደን ፖሎክ መምህራቸው ነበሩ። ሴትዮዋን ለየት የሚያደርጋቸው የጥንቱን የሂንዱ ሊቃውንት ቋንቋ ሳንስክሪትንም ፋርስኛንም ማንበባቸው ነው። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። አይደለም። የሙጋልን ታሪክ የሚያጠናው ምሁር ዛሬም ፋርስኛ ላይ ነው የሚውለው። ሳንስክሪት የሚያጠናው ደግሞ ስለ ጥንቱ ዘመን ነው የሚጨነቀው፤ ከ1200 በኋላ ያለው ዘመን የውድቀት ዘመን ነው ብሎ ዘግቶታል። በሁለቱ መካከል አንድ ሙሉ መጋዘን ጽሑፍ ሳይነካ ቀርቷል። ትሩሽኪ የገቡት እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው።

ሙጋሎች ከመካከለኛው እስያ የመጡ ሙስሊም ነገሥታት ናቸው። ባቡር በ1526 ፓኒፓት ላይ የዴልሂን ሱልጣን አሸንፎ ገባ። የልጅ ልጁ አክባር ከ1556 እስከ 1605 ነገሠ። ከዚያ ጃሃንጊር፣ ከዚያ ታጅ ማሃልን ያሠራው ሻህ ጃሃን፣ ከዚያ አውራንግዜብ። ሕዝቡ በብዛት ሂንዱ ነበር። ታዲያ እነዚህ ነገሥታት የሂንዱ ሊቃውንትን ቋንቋ ምን ያደርጉት ነበር? የትሩሽኪ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ በ2016 በወጣው ስለ ሳንስክሪትና ስለ ሙጋል ቤተ መንግሥት በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ አለ።

አንዱን ታሪክ ቀረብ ብለን እንየው። በ1582 አክባር ማሃባራታ ወደ ፋርስኛ ይተርጎም ብሎ አዘዘ። ማሃባራታ የአንድ ዘር ሁለት ወገኖች ለዙፋን ስለተላለቁበት ጦርነት የሚተርክ በጣም ረጅም የሳንስክሪት ግጥም ነው። ፋርስኛ የግቢው የጽሕፈት ቋንቋ ነበር። ችግሩ ሁለቱንም ቋንቋ አጣምሮ የያዘ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ብራህማን የሚባሉት የሂንዱ ካህናትና ሊቃውንት ሳንስክሪቱን እያነበቡ በሂንዲ ያብራራሉ፤ የፋርስኛ ጸሐፊዎቹ ደግሞ የሰሙትን በፋርስኛ ያሰፍራሉ። ግእዙ ተነቦ በአማርኛ የሚተረጎምበትን የአንድምታ ጉባኤ የሚያውቅ ሰው አሠራሩ አይገርመውም። ሥራው ራዝምናማ ተባለ፤ የጦርነት መጽሐፍ ማለት ነው። ለንጉሡ የተዘጋጀው፣ ከ160 በላይ ሥዕል ያለው ቅጂ ዛሬም ጃይፑር ይገኛል።

ከጸሐፊዎቹ አንዱ ባዳዩኒ ይባላል። አጥባቂ ሙስሊም ነው። ሥራውን አንገሽግሾት ነበር። በምስጢር በጻፈው ታሪክ ውስጥ ይህን ከንቱ ተረት ለመተርጎም ምን አጥፍቼ ተፈረደብኝ እያለ ያማርራል። አንድ ቀን አክባር የተተረጎመው ሲነበብለት እያንዳንዱ ሥራ ዋጋውን ያገኛል የሚል ስንኝ ሰማ። ንጉሡ ተቆጣ። ይህ ሰውዬ የራሱን የፍርድ ቀን ትምህርት ሾልኮ አስገባብኝ ብሎ ጠረጠረ። ባዳዩኒ አስጠርቶ ተጠየቀ። ሂንዱዎቹም ሥራ ዋጋ አለው ብለው ያምናሉ፣ የጻፍኩት የእነሱን ነው ብሎ በስንት መከራ አመለጠ።

ይህን ትዕይንት እወደዋለሁ። ሙስሊሙ ንጉሥ ሙስሊሙን ተርጓሚ የሂንዱውን መጽሐፍ አበላሽተሃል ብሎ ይከሰዋል። ዛሬ በቴሌቪዥን ለሚጮኹት ለሁለቱም ወገኖች አይመችም።

ትሩሽኪ ግን እዚህ ላይ አላቆሙም። የተተረጎመውን ከሳንስክሪቱ ጋር ገጽ ለገጽ አስተያዩት። ባጋቫድ ጊታ የማሃባራታ አንድ ክፍል ነው። ዛሬ የሂንዱ ሃይማኖት ዋና መጽሐፍ ተደርጎ ይታያል። በራዝምናማ ውስጥ ጥቂት ገጽ ብቻ ሆኖ ተሸበሸበ። በተቃራኒው ሽማግሌው ቢሽማ ሊሞት ሲል ስለ ንግሥና የሚሰጠው ረጅም ምክር ተንሰራፋ። የፋርስ ግጥምም ተሰካበት። እንግዲህ አክባር ምን ፈልጎ ነበር? መንፈሳዊ ጥማቱን ለማርካት ቢሆን ጊታን አያሳጥርም ነበር። የፈለገው የንግሥና ዕውቀት ነው። ህንድን መግዛት ማለት ህንድ ራሷን የምታውቅበትን መጽሐፍ በእጅ ማስገባት ማለት ነበር።

እኔ የትሩሽኪ ትልቁ ሥራ ይህ ይመስለኛል። እንዲህ ቢባልም ብዙ ሰው አይሰማውም። ደጋፊዎቻቸው መጽሐፉን አንብበው ወይም ሳያነብቡ፣ ይኸው ሙጋሎች ሃይማኖት የማይለዩ ደጋግ ሰዎች ነበሩ ይላሉ። ተቃዋሚዎቻቸውም ሴትዮዋ የሚሉት ይህን ነው ብለው ይሰድቧቸዋል። መጽሐፉ ግን ስለ ሥልጣን ነው። ንጉሥ ሊቃውንትን ለምን ይሰበስባል፣ ሊቃውንቱስ በልዋጩ ምን ያገኛሉ የሚል ነው።

የሚያገኙት ነገር ደግሞ በግልጽ ይታያል። የጄይን ሃይማኖት መነኮሳት ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። ጄይኖች ነፍስ ያለው ነገር አይገደልም የሚሉ ናቸው። ሂራቪጃያ ሱሪ የሚባል መሪያቸው በ1583 አክባር ግቢ መጣ። በጄይኖች በዓል ሰሞን ከብት እንዳይታረድ የሚል አዋጅ ይዞ ወጣ። ባኑቻንድራ የሚባለው ሌላ መነኩሴ ደግሞ ለአክባር የፀሐይን አንድ ሺህ ስሞች በሳንስክሪት አስተማረው። ደቀ መዝሙሩ ሲዲቻንድራ ፋርስኛ ተማረ፤ የግቢው ወዳጅ ሆነ። ወዳጅነቱ ግን መዘዝ አመጣበት። ጃሃንጊርና ሚስቱ ኑር ጃሃን ያዙት። እንዲህ ያለ ቆንጆ ወጣት ምን ሆኖ ይመነኩሳል፣ ሚስት አግባ አሉት። እሱም በጄ አላለም። ክርክሩ ከረረ፤ ንጉሡ አስፈራራው፤ በመጨረሻም ከግቢ አባረረው። በኋላ ተመልሷል። ይህን ሁሉ የምናውቀው ሲዲቻንድራ ራሱ የመምህሩን ገድል በሳንስክሪት ሲጽፍ የራሱንም ጨምሮ ስለተረከልን ነው። የፋርስኛ ዜና መዋዕል ብቻ ያነበበ ታሪክ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ከየት ያገኘዋል?

ብራህማኖቹ ግን ዝም ይላሉ። ግቢ ይገባሉ፣ ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ማዕረግ ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ነገር በሳንስክሪት አይጽፉም። ካቪንድራቻርያ የሚባል የሂንዱዎች ቅድስት ከተማ የባናራስ ሊቅ ሻህ ጃሃንን ለምኖ በባናራስና በፕራያግ ሂንዱ ተሳላሚዎች ላይ የተጣለውን ግብር አስነሳ። ደስ ያላቸው ወደ 70 የሚጠጉ ሰዎች በሳንስክሪት የምስጋና ግጥም ጻፉለት። ግጥሞቹ ካቪንድራን ሰማይ ያደርሱታል። ግብሩን ያነሳው ንጉሥ ግን እምብዛም አይነሳም። ትሩሽኪ ይህን ዝምታ እንደ ማስረጃ ነው የሚያነቡት። ብራህማኑ ከሙጋሉ ጋር መሥራቱን አላፈረበትም፤ በቅዱስ ቋንቋው መዝገብ ውስጥ እንዲሰፍር ግን አልፈለገም። እውነት ለመናገር ዝምታን ማስረጃ ማድረግ አደገኛ ነው፤ ሰው የሚፈልገውን ይሰማበታል። እዚህ ግን የጄይኖቹ ጽሑፍ ጎን ለጎን ስላለ ያሳምነኛል።

በ2021 ያሳተሙት ሌላው ሥራቸው ጥያቄውን ይገለብጠዋል። ሙስሊም ነገሥታት ሳንስክሪትን ምን አደረጉት ሳይሆን፣ የሳንስክሪት ጸሐፊዎች ሙስሊም ነገሥታትን እንዴት አዩአቸው ይላል። መልሱ አንድ አይደለም። ጋንጋዴቪ የምትባል የ14ኛው መቶ ዓመት የደቡብ ህንዱ የቪጃያናጋር መንግሥት ልዕልት ባሏ የማዱራይን ሱልጣን ሲያሸንፍ በግጥም ጽፋለች። ጠላቶቿን በጣም በከፋ ቃል ነው የምትገልጻቸው። የፈረሰውን ቤተ መቅደስ፣ ዝም ያለውን ከበሮ ታነሳለች። ይህን ያህል ጥላቻ አልነበረም የሚል ሰው እሷን አላነበበም ማለት ነው።

ሌላ ገጽ ግለጡ። ናያቻንድራ የሚባል የ15ኛው መቶ ዓመት ጄይን ገጣሚ ስለ ሃሚራ ይጽፋል። ሃሚራ በ1301 የራንታምቦር ምሽጉን ሲከላከል የሞተ የራጅፑት ንጉሥ ነው። ዛሬ ከሙስሊም ወራሪ ጋር ሲዋጋ የወደቀ የሂንዱ ሰማዕት ተደርጎ ይነገርለታል። ግጥሙ ምን ይላል? የዴልሂው ሱልጣን አላውዲን ኪልጂ ከሠራዊቱ ያመፁ ሞንጎሎችን እያሳደደ ነበር። ሞንጎሎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ሃሚራ ዘንድ ሸሽተው ገቡ። ሱልጣኑ አሳልፈህ ስጠኝ አለው። ሃሚራ ቤቴ የገባን እንግዳ አልሰጥም ብሎ ተዋጋና ሞተ። የራሱ ሰዎች ከድተውት ሲሄዱ ከሞንጎሎቹ መካከል አንዱ እስከ መጨረሻው አብሮት ቆመ። ለገጣሚው የሃሚራ ጀግንነት ይህ ነው። እንግዳን አለመስጠት።

ታዲያ ሂንዱና ሙስሊም የሚለው መስመር እንዴት የታሪክ ሁሉ መክፈያ ሆነ? እዚህ ላይ እንግሊዞችን ማንሳት ግድ ነው። ጄምስ ሚል በ1817 ስለ ህንድ ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ አሳተመ። ህንድን ረግጧት አያውቅም፤ አንድም የህንድ ቋንቋ አያውቅም። የህንድን ታሪክ ሂንዱ ዘመን፣ ሙስሊም ዘመን፣ እንግሊዝ ዘመን ብሎ ለሦስት ከፈለው። ልብ በሉ፤ ሦስተኛው ክርስቲያን ዘመን አልተባለም። ከእሱ በኋላ የመጡት ኤሊየትና ዳውሰን የፋርስኛ ዜና መዋዕሎችን እየመረጡ ተረጎሙ። የመረጡት በአብዛኛው ጭፍጨፋና ማፍረስ ነው። ኤሊየት ዓላማውን አልደበቀም። ተገዢዎቻችን የእኛ አገዛዝ ምን ያህል እንደሚሻል ይረዱ ዘንድ ነው የሚል ነገር ጽፏል። የህንድ ተማሪ ለመቶ ዓመት ያነበበው ይህንኑ ነው። የዛሬው ብሔርተኛ ቅኝ ገዢን አጥብቆ ይጠላል፤ የሚያነበው ግን በቅኝ ገዢው መነጽር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በ2014 ሥልጣን እንደያዙ በፓርላማ ስለ 1,200 ዓመት የባርነት አስተሳሰብ ሲናገሩ ሒሳቡ የመጣው ከዚያው መደርደሪያ ነው።

አሁን ወደ አውራንግዜብ። ትሩሽኪ በ2017 ስለ እሱ ትንሽ መጽሐፍ አወጡ። ለምሁራን ሳይሆን ለተራ አንባቢ የተጻፈ ነው። ጣጣው የመጣው ከዚህች ቀጭን መጽሐፍ ነው።

ክርክራቸው እንዲህ ይሄዳል። አውራንግዜብ ቤተ መቅደስ አፍርሷል። በ1669 የባናራሱን የቪሽዋናት ቤተ መቅደስ፣ በ1670 የማቱራውን። ግን ሁሉንም አላፈረሰም። ለብዙዎች መሬትና ጥበቃ ሰጥቷል፤ በ1659 የባናራስ ብራህማኖች እንዳይነኩ ያዘዘበት ደብዳቤ አለ። የፈረሱት በአመዛኙ ከአመፅ ጋር የተያያዙ ናቸው። በማቱራ አካባቢ የጃት ገበሬዎች አምፀው ነበር። በባናራስ ደግሞ የማራታው መሪ፣ የሳምባጂ አባት ሺቫጂ በ1666 ከአግራ እስር ሲያመልጥ የረዱ ሰዎች አሉ ተብሎ ተጠርጥሯል። ይህን መንገድ የቀደደው ሪቻርድ ኢተን የሚባሉ ታሪክ ጸሐፊ ናቸው። ኢተን ከ1192 እስከ 1760 ባለው ጊዜ በማስረጃ የተረጋገጠ 80 የቤተ መቅደስ ማፍረስ ቆጥረዋል። ብሔርተኞቹ ከሚሉት በአሥር ሺዎች ከሚቆጠረው ጋር አይገናኝም። ሌላም አለ። በአውራንግዜብ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከከፍተኛ ሹማምንቱ ከ30 በመቶ በላይ ሂንዱዎች ነበሩ። ከአክባር ዘመን ይበልጣል። ማራታዎችን በሹመት እየገዛ ስለነበር ነው።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን እዚህ ላይ ትሩሽኪ የሚዳከሙ ይመስለኛል። ፖለቲካ ነው፣ ሃይማኖት አይደለም የሚለው መልስ በጣም የተስተካከለ ነው። አውራንግዜብ አክባር በ1564 ያነሳውን፣ ሙስሊም ባልሆኑ ሰዎች ላይ የሚጣለውን ጂዝያ የሚባል ግብር በ1679 መልሶ ጥሏል። የሲኮችን መሪ ጉሩ ተግ ባሃዱርን በ1675 አስገድሏል። ከሞቱ በኋላ የተጻፈለት ዜና መዋዕል ቤተ መቅደስ ማፍረሱን እንደ ጽድቅ ሥራ ነው የሚተርከው። ትሩሽኪ ዜና መዋዕሉ ያጋንናል ይላሉ። ያጋንን ይሆናል። ግን ለምን በዚያ አቅጣጫ አጋነነ? ግቢው ውስጥ ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው ብሎ የሚያምን አንባቢ ስለነበረ ነው። የሐሳብን ታሪክ የሚያጠና ሰው ይህን እንዲህ በቀላሉ ማለፍ አልነበረበትም። ደግሞስ የተሰባበረ ጣዖቱን የሚያየው ምእመን፣ ምክንያቱ ዓመፀኛ ባላባት ነው ቢሉት ምን ይጠቅመዋል?

ስለ ሳንስክሪት መጥፋት የሰጡት ማብራሪያ ግን ጠንካራ ነው። የተለመደው አባባል አውራንግዜብ ሳንስክሪትን ከግቢ አስወጣ የሚል ነው። እሳቸው ነገሩ በአባቱ ዘመን ጀምሮ ነበር ይላሉ፤ ሂንዲ እያደገ ቦታውን ይወስድ ነበር። ሌላው ምክንያት የወንድማማች ጠብ ነው። ታላቅ ወንድሙ ዳራ ሺኮህ በ1657 ከባናራስ ሊቃውንት ጋር ሆኖ ኡፓኒሻድ የሚባሉትን የሂንዱ የጥንት የፍልስፍና መጻሕፍት ወደ ፋርስኛ አስተርጉሟል። የሳንስክሪት ወዳጅነት የዳራ መታወቂያ ሆነ። አውራንግዜብ በ1659 ዳራን አስገድሎ ሲደላደል ያን መታወቂያ ማንሳት አልፈለገም። የዳራ ትርጉም ግን ዕድለኛ ነበር። አንድ ፈረንሳዊ ወደ ላቲን መልሶት በ1801 እና በ1802 ታተመ፤ ጀርመናዊው ፈላስፋ ሾፐንሃወር እሱን አንብቦ ነው በህንድ ፍልስፍና ፍቅር የወደቀው።

ከ2017 በኋላ ሴትዮዋ ብዙ ሰው ጥርስ ውስጥ ገቡ። በየቀኑ ስድብ፣ ማስፈራሪያ። በ2018 ሃይደራባድ ውስጥ ሊሰጡት የነበረ ንግግር ከተቃውሞ ደብዳቤዎች በኋላ ተሰረዘ። በ2021 አንድ በአሜሪካ ያለ የሂንዱ ድርጅት እሳቸውንና ሌሎች ሰዎችን በስም ማጥፋት ከሰሰ። ዋሽንግተን ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2022 ክሱን ውድቅ አደረገው። እሳቸውም ሁልጊዜ ለራሳቸው አላገዙም። በ2018 ትዊተር ላይ፣ ራማያና በተባለው የሂንዱዎች ቅዱስ ግጥም ውስጥ ሲታ ለባሏ ለአምላኩ ለራማ የተናገረችውን በዘመኑ የመንገድ ስድብ አድርገው ጻፉት። ራማያናን ወደ እንግሊዝኛ ከተረጎሙት አንዱ የሆኑት ሮበርት ጎልድማን፣ እንዲህ ያለ ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለም ብለው በግልጽ ተቃወሙ። በመጽሐፍ ውስጥ ጠጉር ሰንጥቆ የሚሠራ ሰው ትዊተር ላይ ሲደርስ ምን እንደሚነካው እንጃ። ለጠላት ወፍራም ዱላ ማቀበል ነው።

ብቻቸውን ግን አይደሉም። ጄምስ ሌን የሚባሉ ምሁር በ2003 ስለ ሺቫጂ መጽሐፍ ጻፉ። በምስጋና ገጹ ላይ በፑኔ የሚገኝ አንድ የጥንት ጽሑፎች ተቋምን አነሱ። በጃንዋሪ 2004 የተቆጡ ሰዎች ተቋሙን ወርረው የብራና ጽሑፍና ቅርስ አበላሹ። በህንድ ጥንታዊ ክብር ስም የህንድ ጥንታዊ ጽሑፍ ተቀደደ። በ2014 ደግሞ ስለ ሂንዱዎች አማራጭ ታሪክ የጻፉት የዌንዲ ዶኒገር መጽሐፍ በፍርድ ቤት ክስ የተነሳ አሳታሚው ከህንድ ገበያ ሰበሰበው።

ጉዳዩ የምሁራን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይጻፍበትም ነበር። በ1669 የፈረሰው የባናራስ ቤተ መቅደስ ቦታ ላይ ዛሬ የግያንቫፒ መስጊድ አለ። የማቱራውም እንዲሁ መስጊድ አለበት። በሁለቱም ላይ ክስ አለ። በ1991 የወጣ ሕግ የአምልኮ ቦታዎች ህንድ ነፃ በወጣችበት በ1947 እንደነበሩ ይቆዩ ይላል። ይሁንና በጃንዋሪ 2024 ፍርድ ቤት ሂንዱዎች በግያንቫፒ ምድር ቤት እንዲጸልዩ ፈቀደ። በዲሴምበር 2024 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አዲስ ክስ እንዳይከፈት አግዷል። ከዚህ ቀደም በአዮድያ የባቡሪ መስጊድ በ1992 በሰው እጅ ፈርሶ፣ በ2019 ፍርድ ተሰጥቶ፣ በጃንዋሪ 2024 የራም ቤተ መቅደስ ተመርቆበታል። ስለዚህ አውራንግዜብ ለምን አፈረሰ የሚለው ጥያቄ ዛሬ የመሬት ክርክር መዝገብ ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው።

ስሞችም እየተቀየሩ ነው። አላሃባድ በ2018 ፕራያግራጅ ተባለች። አውራንጋባድ በ2023 ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ሆነች፤ አውራንግዜብ በገደለው በሳምባጂ ስም ማለት ነው። እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ነገር አለ። ይህችን ከተማ የቆረቆራት አውራንግዜብም ሳምባጂም አይደለም። ማሊክ አምባር ነው። በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ በባርነት ተሸጠ፤ ከቀይ ባሕር ማዶ በባግዳድ አድርጎ ወደ ህንድ ደቡባዊ ደጋ፣ ወደ ዴካን ተወሰደ። ሐብሺ ይሏቸው ነበር የኛን ሰዎች። አምባር ከወታደርነት ተነስቶ የአህመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆነ። በ1610 ካድኪ የምትባለውን ከተማ ዋና ከተማው አደረጋት፤ ከምድር በታች የሚሄድ የውሃ መስመር ዘረጋላት። አውራንግዜብ በ1653 ስሟን ወደ ራሱ ስም የቀየረው በኋላ ነው። አምባር እስከሞተበት እስከ 1626 ድረስ ለሙጋሎች የእግር እሳት ነበር። ጃሃንጊር ከመናደዱ የተነሳ በተቆረጠ የአምባር ራስ ላይ ቀስት ሲወረውር የሚያሳይ ሥዕል አሥሏል። በውጊያ አንድም ቀን አላገኘውም፤ በሥዕል ገደለው። የአምባር መቃብርም ኩልዳባድ ነው፤ አፍርሱት እየተባለ የሚጮህበት የአውራንግዜብ መቃብር ያለባት ያቺው ከተማ።

ሪቻርድ ኢተን ስለ ዴካን በጻፉት የ2005 መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለአምባር ሰጥተውታል። እሱን በሂንዱና በሙስሊም መክፈያ ውስጥ ለማስቀመጥ ሞክሩ። ሙስሊም ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው ሙስሊም ነገሥታትን ሲወጋ ነው። ወታደሮቹ ውስጥ ብዙ ማራታ ሂንዱዎች ነበሩ። በ1624 ባትቫዲ ላይ የሙጋልንና የቢጃፑርን ጥምር ጦር ሲያሸንፍ ከአዛዦቹ አንዱ ሻሃጂ ነበር። ሻሃጂ ማለት የሺቫጂ አባት፣ የሳምባጂ አያት ነው። ሺቫጂም ጊዜው ደርሶ ሲነግሥ የቤተሰቡን ታሪክ በሳንስክሪት ግጥም አስጻፈ። ግጥሙ አባቱ የተሰለፈለትን ያን ሐብሺ በጀግንነቱ እያወደሰ ይተርካል።